በጥቅምት አንድ መዋጮ

በአዲስ አበባ ተከራይ ሰፈር የሚቀይረው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ይወጣለታል፣ ወይ የአከራዩ ልጅ ከአሜሪካ ይመጣል። ዕጣው የሚወጣው በስንት ዓመት አንዴ ነው። የአከራይ ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ እየመጣ ነው። «ልጄ ሊመጣ ስለሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ» የተባለላቸው ልጆች ሁሉ የምር ቢመጡ ኖሮ ቦሌ ሌላ ማኮብኮቢያ ባስፈለገው ነበር። የእኛም አከራይ ነሐሴ ላይ ተራቸው ደረሰና ልጃቸው ሊመጣ ሆነ፤ እኛም ድስትና ምጣዳችንን ሸክፈን ከአፍንጮ በር ወደ ጀሞ ወረድን።

መውረዱ የምር መውረድ ነው። አፍንጮ በር እንጦጦ ግርጌ ተቀምጦ ከተማዋን ቁልቁል ያያታል። ጀሞ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፉሪን በአንድ ወገን ወጨጫን በሌላ ወገን ይዞ፣ ብሎክ ከብሎክ የተደረደረበት ነው። ለአፍንጮ በር ሰው ከዚያ ወዲያ አገር የለም። የድሮ ጎረቤቶቻችን ሲሰናበቱን ባሕር ማዶ ለሚሄድ ሰው የሚባለውን ሁሉ አሉን። አክስቴማ «ለመሆኑ እዚያ ስልክ ይሠራል?» ብላ ጠይቃለች።

ስልክ ይሠራል። ከስልኩ ቀድሞ የሚሠራው ግን ጫኝና አውራጅ ነው። አይሱዙው ገና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ከየት እንደበቀሉ ያልታወቁ ጎረምሶች ከበቡት። እንደየትኛውም ሰፈር ሁሉ የእኛም ሰፈር ጫኝና አውራጅ በፍራሽህ ላይ ካንተ የበለጠ መብት አለው። «ራሴ አወርዳለሁ» ካልክ ማንም አይከለክልህም፤ አውርደህ ስትጨርስ ግን ሒሳቡን ትከፍላለህ። ዋጋ ተማኙ ልጅ መጀመሪያ ዕቃውን አየ፣ ቀጥሎ አራተኛ ፎቅን ቀና ብሎ አየ፣ በመጨረሻ ፊቴን አየ። ዕቃው ጥቂት ነው። ፎቁም ቢሆን የትም አይሄድም። ዋጋውን የወሰነው ፊቴ ነው።

«ፋዘር፣ ይሄ ካርቶን ምንድን ነው እንዲህ የሚከብደው?» አለ አንዱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አርፎ።

«መጽሐፍ ነው።»

ልጁ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ደረጃውን አየ። «ይሄን ሁሉ አንብበው ነው እስካሁን የሚከራዩት?» አለኝ። የክፋት አነጋገር አልነበረም፤ ከልቡ አዝኖ ነው። ጓደኛው ደግሞ በትምህርቱ ላለመቀጠል የነበረውን ውሳኔ እዚያው ደረጃ ላይ አጸና።

የእኛ ብሎክ ከምድር በላይ አራት ፎቅ አለው፣ ሊፍት የለውም፤ ስለዚህ አዲስ ገቢ የሚያስገባው ዕቃ በእያንዳንዱ በር ፊት እያለፈ ይፈተሻል። ሰው ሁሉ በየበሩ ብቅ ብሎ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ከዕቃው ላይ አይነሣም። ፍሪጁ ታየ፣ አልጋው ታየ፣ የባለቤቴ ምጣድ ታይቶ ተመሰገነ። ከዚያ በኋላ የሁሉም ዓይን የጠበቀው አንድ ነገር ነበረ፤ እሱ ሳይመጣ አይሱዙው ባዶውን ሄደ። በማግስቱ ስኳር ልገዛ ስወርድ ባለሱቁ ስሜን አልጠየቀኝም። ዱቤ መዝገቡን ገለጠና ከላዩ ላይ «ቡፌ የሌላቸው፣ 4ኛ ፎቅ» ብሎ ጻፈ።

ይህ ሁሉ ግን መታወቅ እንጂ መጎራበት አይደለም። ሁለቱን የሚለያቸው መዋጮ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሸኛል፤ ማንም አዋጣ አይለውም። የሰፈር ሰው ማለት በሩ የሚንኳኳ፣ ደብተር የሚዘረጋበት፣ ከስሙ አንጻር ባዶ ሣጥን የሚጠብቀው ሰው ነው። በገባን ሰሞን የጥበቃ ክፍያ የሚሰበስበው ሰውዬ ከእኛ በስተግራ ያለውን በር አንኳኩቶ፣ በስተቀኝ ያለውን አንኳኩቶ፣ የእኛን ዘሎ ሄደ። ባለቤቴ «ተመስገን» አለች። እኔን ግን ከፋኝ። ሌባ ቢመጣስ? ጥበቃው የእኛን በር ዘሎ ሊጠብቅ ነው?

ደግነቱ የመጣንበት ወቅት ማንንም ዘሎ የሚያልፍ አልነበረም። ጳጉሜን 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ብሎኩ በሙሉ ሳፋና ባልዲ ይዞ ወጣ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ለዝናብ ባልዲ ይዞ ቢወጣ ምሥጢር የለውም ብዬ ነበር፤ እማማ ግን ሮቷቸው ሞልቶም ወጥተዋል። እማማ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ በዕድሜም በድምፅም የብሎኩ ትልቅ ናቸው። «የሩፋኤል ጠበል ነው ልጄ፤ ጭንቅላትህን አውጣ!» ብለው ጮኹብኝ። ጭንቅላቴን በበረንዳ አወጣሁ። እሱ በቂ አልነበረም። ከታች ልጆቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ይዘላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ይቆማሉ። ባለቤቴም ከመሀላቸው ናት። ያን ዕለት በብሎኩ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ያደረ ሰው አልነበረም።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ደግሞ አበባየሆሽ ባዮቹ መጡ። ባለ ነጭ ቀሚስ ሴቶች ልጆች፣ በእጃቸው ለምለም ሣርና ከየሜዳው የተለቀመ አደይ፣ በጫማቸው ደግሞ የጀሞ ጭቃ። ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቶች በየደቂቃው በር ይከፍታሉ። አራተኛ ፎቅ የሚደርሱት ግን የጸኑት ብቻ ናቸው። የጸና ሰው ደግሞ ዋጋውን ያውቃል። ጨፍረው ሲጨርሱ ያዘጋጀሁትን ብር ሰጠሁ። መሪያቸው፣ የፊት ጥርሶቿ ገና ያልበቀሉ ልጅ፣ ብሩን አየችና በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሁለተኛ ፎቅ ነው» አለችኝ። ባለቤቴ ስቃ ሳትጨርስ የአራተኛውን ከፈልኩ። ከከፈልኩት ሁሉ ያላማረርኩበት ይኸኛው ነው፤ ለሰፈሩ የመጀመሪያው መዋጮዬ ነበርና።

ሰፈሩ የምር የፈተነን ግን መስቀል ሲቃረብ ነው። አንድ ጠዋት ስወርድ ሱቁ ተዘግቷል። የጎኑም ተዘግቷል። የማዶውም እንዲሁ። ለካ የእኛ ባለሱቆች ሁሉ የጉራጌ ልጆች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ቆጣቢና ታታሪ ሆነው ይከርሙና መስቀል ሲደርስ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተው አገራቸው ይገባሉ። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ስኳር የሚያገኝ ሰው አስቀድሞ ያሰበ ሰው ነው። እኛ አላሰብንም። ስኳር ስንለምን የእማማን ቤት አወቅን፣ ክብሪት ስንለምን የአንደኛ ፎቁን ሐጂ ቤት አወቅን፣ ለሽንኩርት ደግሞ እስከ ዛሬ ስማቸውን የማላውቃቸውን ባልና ሚስት አወቅን። ባለሱቁ ክትፎውን በቆጮ እየበላ በሄደበት እኛን ከሰፈሩ ጋር አስተዋውቆን ነበር። ሲመለስ ዱቤ መዝገቡ ላይ አዲስ ነገር አልተጻፈብኝም፤ በየፎቁ ግን አንድ አንድ ነገር ተበድሬያለሁ።

የደመራው ደብተር በሻለቃ እጅ ነበር። ሻለቃ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጡረታው ግን ለሳቸው አልተነገራቸውም። መስከረም 14 ማታ በራችን ተንኳኳ። ደብተሩ ተዘረጋ። ስማችን ቀድሞ ተጽፏል፤ ከጎኑ ባዶ ሣጥን አለ። ሻለቃ እስክሪብቶ አቀበሉኝና «ለእንጨት፣ ለችቦ፣ ለዳቦ» አሉ። ባለቤቴ ከጀርባዬ ሆና «ስንት ነው?» ብላ ሳትጨርስ ፈረምኩ። የሠርግ ሰነድ ላይ ስፈርም እንኳ እንዲህ አልፈጠንኩም።

መስቀል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዩኔስኮ ያየው የመስቀል አደባባዩን ይሆናል እንጂ የእኛን ብሎክ ደመራ ቢያይ ኖሮ ምዝገባውን ለአንድ ስብሰባ ያሳድረው ነበር። የእኛ ደመራ የቆመው በመኪና ማቆሚያው መሀል ነው። ዙሪያውን ያሉ መኪናዎች እንዲነሡ ከጠዋት ጀምሮ ይለፈፋል፤ አንዲት አሮጌ ቪትዝ ግን ባለቤቷ ጠፍቶ ቀረች። ማታ ላይ ችቦው ተለኮሰ፣ እሳቱ ወጣ፣ ልጆቹ ዞሩት። ከዚያ ትልቁ ክርክር መጣ፤ ምሰሶው ወደ የት ይወድቃል? የደመራ ምሰሶ የሚወድቅበት አቅጣጫ ስለ መጪው ዓመት ይናገራል ይባላል። ወደ ምሥራቅ ቢወድቅ እንዲህ፣ ወደ ምዕራብ ቢወድቅ እንዲያ እያሉ እማማ ይተነትናሉ። ምሰሶው ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ አለና ወደ ቪትዟ ዞረ። ፀጥታ ሆነ። ሻለቃ «ምሥራቅ በሉት! ምሥራቅ ነው!» ሲሉ አንድ ጎረምሳ በረጅም እንጨት ገፍቶ ወደ ሌላ ወገን ጣለው። ስለዚህ የእኛ ብሎክ የዓመቱ ዕድል ምን እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ የቪትዟ ዕድል ግን ጥሩ መሆኑ ተረጋግጧል።

ከመስቀል ወዲያ ሰማዩ ሌላ ሰማይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ደመና ለብሶ የከረመው ወጨጫ አንድ ጠዋት በረንዳችን ፊት ቆሞ አገኘሁት። ጭቃው ደረቀ። መንገድ ዳር ከሰል አያይዘው በቆሎ የሚጠብሱት ሴትዮ የመጨረሻዎቹን እሸቶች እያገላበጡ ነው። በቆሎ መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለጋ ከሆነ በአፍ ውስጥ ይጠፋል፣ ከጠና ጥርስ ይፈትናል። ሴትዮዋ ግን ምርጫውን ለደንበኛ አይተዉም፤ ፊት አይተው ይሰጣሉ። ለእኔ ሁልጊዜ የጠናውን ነው የሚሰጡኝ። «አንቱ ጥርስ አለዎት» ይሉኛል። ሌላ ቦታ ፊቴ ገንዘብ ያስወጣኛል፤ እዚህ በቆሎ ያስቆረጥመኛል። ባቄላ እሸትም በዚያው ሰሞን ገባ። ታክሲ ተራ ላይ፣ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እየተባለ፣ ሰው ሁሉ ባቄላ ፈልፍሎ ልጣጩን ኪሱ ይከታል። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪሄድ አንድ እስር ያልቃል። ሰልፉ ረጅም ነው ብሎ የሚያማርር ሰው እሸት ያልገዛ ሰው ነው።

ከዚያ ጥቅምት ገባ፤ ከጥቅምት ጋር ብርዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ መሆኗን ሰው የሚያስታውሰው በዚህ ወር ነው። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ደመናው ሄዶ ሰማዩ ገላጣ ስለሆነ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ይዞ የሚያድርበት ብርድ ልብስ የለውም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የብሎኩ ሰው ፀሐይ ሊሞቅ ይወርዳል።

ፀሐይ መሞቅ በኮንዶሚኒየም ቀላል ነገር አይደለም። በግቢ ቤት ደጅህ ላይ በርጩማ ታወጣለህ፣ አለቀ። እዚህ ግን ፀሐይዋ በሁለት ብሎክ መሀል በምትገባ አንዲት ቁራጭ ነው የምትመጣው፤ ቁራጯም ትንቀሳቀሳለች። ፕላስቲክ ወንበሮቹም አብረዋት ይንቀሳቀሳሉ። ሁለት ሰዓት ላይ ከጥበቃው ቤት አጠገብ የነበረው ስብሰባ፣ አራት ሰዓት ላይ የቆሻሻ ገንዳው ጋ ደርሷል። ርዕሱ ሳይቋረጥ ነው ታዲያ። የቦታ አሰጣጡም ደንብ አለው። መሀሉ፣ ፀሐይ የማያጣው፣ የሻለቃ ነው። ከሳቸው ቀኝ ሐጂ ናቸው። አዲስ ገቢ ጥላው ጫፍ ላይ፣ አንድ ጉልበቱ በፀሐይ አንድ ጉልበቱ በብርድ ይቀመጣል። እኔ ጥቅምትን የጀመርኩት በአንድ ጉልበት ነው። ወሩ ሲጋመስ ሁለቱም ጉልበቶቼ ሞቁ። ለዚህ ምንም አላደረግሁም፤ ሌላ አዲስ ተከራይ ገባ እንጂ።

ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ የጽጌ ማኅሌት አለ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ካህናቱ ሌሊቱን ሙሉ በከበሮና በጸናጽል ማኅሌተ ጽጌ ያደርሳሉ። ድርሰቱ የአባ ጽጌ ድንግል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከእኛ ብሎክ ራቅ ይላል፤ ድምፅ ማጉያው ግን አልራቀም፣ አራተኛ ፎቅ ደግሞ ከማንም ይልቅ ለሰማይ የቀረበ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ትራስ ጆሮዬ ላይ እጭን ነበር። ቆይቶ እንቅልፌም ዜማውን ለመደ፤ ከበሮው ሲጠና እገላበጣለሁ፣ ሲረግብ እመለሳለሁ። እማማ እሑድ ጠዋት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከማኅሌት ሲመለሱ ደረጃው ላይ ተገናኘንና፣ «መጣህ እንዴ ሌሊት?» አሉኝ። «በጆሮዬ መጥቻለሁ» አልኳቸው። «እሱም አይከፋም፤ እግርህ ግን መዋጮውን አልከፈለም» አሉኝ። አያችሁ? በዚህ ሰፈር እግርም ያዋጣል።

የጥቅምት ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለዋል አባቶች። ብርዱ ሲገባ ሰው አንዲት አጥንት እንኳ ሊግጥ ይገባዋል ነው ነገሩ፤ አባባሉን ያመጡት ሰዎች የኪሎ ሥጋ ዋጋ ምን እንደሚደርስ አላወቁም እንጂ «በጥቅምት አንድ መረቅ» ይሉ ነበር። ሻለቃ ደብተራቸውን ይዘው ዞሩ፤ ቅርጫ ሊገባ ነው። እማማ ጽጌን ስለሚጾሙ «እኔን አትቁጠሩኝ» አሉ። የጽጌ ጾም የፈቃድ ስለሆነ ማንም በማንም አልፈረደም፤ እማማ ግን «ብሉ፣ ብሉ፣ ምን ቸገረኝ» ባሉ ቁጥር ከተመዝጋቢዎቹ አንድ ሰው ስሙን ያሰርዝ ነበር። እንዲያም ሆኖ በሬው ተገዛ። የመረጡት ሐጂ ናቸው። ከሥጋው አይበሉም፤ ከብት በመምረጥ ግን የሚያክላቸው የለም። ነጋዴው ዋጋ ሲጠራ ሐጂ የበሬውን ጎን ዳሰስ አድርገው ምንም ሳይናገሩ ዞረው መሄድ ጀመሩ አሉ። ሦስት ጊዜ ዞሩ፣ ሦስት ጊዜ ዋጋው ወረደ።

በሬው አንድ ሌሊት ታች ታስሮ አደረ። የብሎኩ ልጆች ከመተኛታቸው በፊት ስም አወጡለትና ነገሩን አከበዱት። ማለዳ ኮሚናሉ ውስጥ ታረደ። ኮሚናል ማለት ሲሠራ ለዚህ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለድግስ ተብሎ የታሰበ የጋራ ቤት ነው፤ እንደኛ ያለ ሰፈር ደግሞ ለስብሰባም ለጠብም ይገለገልበታል። ሥጋው በቅጠል ላይ ተመደበ፤ ለየመደቡ ከሽንጡም ከጎድኑም ከዳቢቱም ከጨጓራውም ይደርሰዋል። ከዚያ ዕጣ ነው። እያንዳንዱ ባለድርሻ የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የቢራ ክዳን፣ አንዱ ስንጥር። እኔ እስክሪብቶዬን ሰጠሁ። ምንም ያላየ ሕፃን ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ አኖረ። እስክሪብቶዬ ያረፈበትን መደብ ሳይ ሥጋው ከአጥንቱ ጀርባ ተደብቋል።

«ሻለቃ፣ ይሄ አጥንት አልበዛም?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው መደቡን ገመገሙ። «አባቶች አንድ ነው ያሉት። ለአንተ ስንት እንደደረሰህ ቁጠር። ሌላ ምን ትፈልጋለህ ወንድሜ?»

ባለቤቴ ከዚያ አጥንት ያወጣችው መረቅ ግን የአራተኛ ፎቅን ስም አስጠራ። ሽታው በደረጃው ወርዶ ሻለቃ በር ላይ ሲደርስ ሻለቃ ራሳቸው በደረጃው ወጥተው መጡ፤ «ሒሳብ ለማስታረቅ» ብለው። ሒሳቡ በሁለት ሳህን ታረቀ።

ጥቅምት እያለቀ ሲሄድ ሌላ ነገር ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አስነጠሰኝ። ከተዘጋ በር ኋላ «ይማርህ!» የሚል ድምፅ መጣ። «ያኑርልኝ» ብዬ ሳልጨርስ ደገመኝ። ሌላ በር «ይማርህ!» አለ፤ ያው በር ራሱ ወዲያው አስነጠሰ፤ እኔ «ይማርሽ» አልኩ። የበርበሬ ወቅት ገብቷል። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐዩ ሲጠነክር እናቶች የማረቆ ዛላቸውን ገዝተው ያሰጣሉ፤ በበረንዳው፣ በመተላለፊያው፣ በደረጃው ጫፍ፣ ፀሐይ በደረሰበት ሁሉ። ከዚያ መቀንጠስ አለ፣ ማመስ አለ፣ ሙቀጫ አለ። ሙቀጫው ከላያችን ያለ ይመስላል፤ ከላያችን ግን ጣሪያ ብቻ ነው። በኮንዶሚኒየም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አይበቃም።

በዚያ ሳምንት በሰላምታ ያላወቅሁትን ጎረቤት ሁሉ በንጥሻ አወቅሁት። ምድር ቤት ያለው ወጣት በተከታታይ ነው የሚያስነጥሰው፣ «ይማርህ» ለማለት ክፍተት አይሰጥም። ሐጂ አንዴ ብቻ፣ ግን መስታወት በሚያንቀጠቅጥ ጉልበት። ሻለቃ ማስነጠሳቸውን ጨርሶ አያምኑም፤ «ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነው» ይላሉ። ባለቤቴ ስድብ የመሰለ ትንሽ ንጥሻ አላት፤ እሷን ሰምተው ነው እማማ «ይቺ የኛ ናት» ያሏት። ሳይውል ሳያድር በርበሬ ሊቀነጥሱ ጠሯት። ቀንጥሳ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ፣ እጇ ነዶ፣ ስለ ብሎኩ ነዋሪዎች ሁሉ የተሟላ መረጃ ይዛ ነው። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የቪትዟ ባለቤት ለምን እንደጠፋ፣ ሻለቃ የምር ሻለቃ መሆን አለመሆናቸው። የመጨረሻው ላይ አስተያየቶች ተከፋፍለዋል።

ኅዳር 12 ሲደርስ በጭስ ላይ ጭስ ተጨመረ። በአዲስ አበባ በዚህ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ምክንያቱ ቀልድ አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ፈጅቷል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው የተረፉ ናቸው። ቀባሪ የጠፋበት ወቅት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው በየዓመቱ በሚካኤል ዕለት ሰፈሩን እየጠረገ ያጥናል። በሽታው ከመቶ ዓመት በፊት ሄዷል፣ ቆሻሻው ግን ሳይጓደል ይመጣል።

በግቢ ቤት ቆሻሻህን ከደጅህ ታጥናለህ። በጋራ ሕንፃ ግን የማን ጭስ የማን ቤት ይግባ የሚለው በስብሰባ ነው የሚወሰነው። ስብሰባው ኮሚናሉ ውስጥ ተደረገ። የምድር ቤት ነዋሪዎች ጭሱ ያፍነናል አሉ። የአራተኛ ፎቅ ነዋሪዎች፣ ማለትም እኔ፣ ጭስ ወደ ላይ እንደሚሄድ አስረዳሁ። ወጣቱ ፕላስቲክ ሲቃጠል አየሩን እንደሚመርዝ ተናገረና ተጨበጨበለት፤ ጭብጨባው ሲያልቅ ፕላስቲኩ ወዴት ይሂድ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሻለቃ ደብተራቸውን ገልጠው ወሰኑ፤ ፕላስቲኩ ለቆራሌው፣ ቅጠልና ወረቀቱ ለእሳት፣ ለእሳቱ ማስነሻ ደግሞ ከየቤቱ ትንሽ መዋጮ። ቆሻሻ ለማቃጠል የከፈልኩት በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ማታ እሳቱን ከበን ስንቆም ግን የከፈልኩት ለእሳቱ ብቻ አልመሰለኝም። ሐጂ ካርቶን ይዘው ወረዱ፣ እማማ ለእሳቱ እፍኝ ዕጣን ጨመሩ፣ ልጆቹ ደግሞ ደብተራቸውን ሊጥሉ ሲሉ ተያዙ።

የቀረው አንድ በር ነበር፤ ትልቁ። ኅዳር ሲጋመስ ሻለቃ ደብተር ቀይረው መጡ። ይኸኛው ጠንካራ ሽፋን አለው፣ ማኅተም አለው፣ ውስጡ የባልና ሚስት፣ የልጅ፣ የአማት ተብሎ በሰንጠረዥ ተከፋፍሏል። ዕድር ነው። የመግቢያው ተከፈለ፣ የወሩ ተከፈለ፣ የድንኳኑ ድርሻ ተከፈለ። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ራሷ ተቀብላ ፈረመች፤ ያቺ በጥበቃ ክፍያው ስንዘለል «ተመስገን» ያለች ሴት። ሻለቃ ማኅተሙን አሳረፉና እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። አሁን የሰፈሩ ሰው ሆነሃል። ብትሞት ድንኳን ይተከላል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ማንም አይቀርም።»

አመሰገንኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲባል ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም።

«አንድ ነገር ግን አለ» አሉ ደብተሩን እያጠፉ። «በደንባችን አዲስ አባል ሦስት ወር እስኪሞላው አገልግሎት አያገኝም። እስከ የካቲት አደራህን!»

ግዴለም አልኳቸው። ሽምብራ እሸት ገና እየገባ ነው፤ እስከ የካቲት ብዙ ሥራ አለብኝ።